በሲባጎ የተሰመረ ወንዝ

እኛ ወንዝ ስንወድ ለጉድ ነው። ሰው ከአገሩ ርቆ ሄዶ የሠፈሩን ሰው ድንገት ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ» ብሎ አንገቱ ላይ ይጠመጠምበታል እንጂ «የተራራዬ ልጅ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። «የቀበሌዬ ልጅ» ብሎ የተጠመጠመባችሁ ካለ ደግሞ ኪሳችሁን ሳይሆን እጃችሁን ጠብቁ፤ የሆነ ነገር ሊያስፈርማችሁ ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ፍቅር መካከል ማንም አንስቶት የማያውቅ አንድ ጥያቄ አለ። የወንዜ ልጅ ነህ፤ ደግ። ግን በየትኛው ዳር?

ለደጋ ሰው ጥያቄው ተራ ሊመስለው ይችላል። የደጋ ወንዝ ገደሉ ውስጥ ገብቶ አርፎ የሚኖር፣ ከቅድመ አያት ጀምሮ አድራሻውን ያልቀየረ ጨዋ ነው። የይፋት ቆላ ወንዝ እንደዚያ አይደለም። በበጋ ፍየል ጉልበቷን ሳታርስ ትሻገረዋለች። ሐምሌ ሲገባ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ደጋው ላይ ብቻ ጥቁር ደመና ተደፍቶ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ከወደ ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ይሰማል። ያን ጊዜ ወንዝ ውስጥ የቆመ ሰው ካለ ዘመዶቹ የሚፈልጉት አዋሽ ዳር ነው። እንዲህ ያለው ወንዝ አልጋው አይበቃውም፤ ይገላበጣል። ሲገላበጥ አንዱን ዳር ይነክሳል፣ ሌላውን ዳር ያጎርሳል።

የእኛን ወንዝ ስም አልናገርም። ከሸዋ ሮቢት ገበያ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ከዚህ በላይ ብል ግምገማ ያስጠራኛል። ግምገማ እኮ ድሮ ቀረ ትሉኝ ይሆናል። ግምገማው ቀርቶ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን በስሜ የተመዘገበ ነው። ደግሞም ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ፦ እኔ ፀረ ልማት አይደለሁም። የወንዝ ዳር በጎርፍ እንዳይሸረሸር መከላከልን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ደግፌም አይቻለሁ። የማወራችሁ ስደግፍ የሆነውን ነው።

ያን ጊዜ፣ ሁሉ ነገር በንቅናቄ በሚሠራበት፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። አባቴ የተወልኝ አንዲት የሽንኩርት መሬትም ወንዙ ዳር ነበረችኝ። ከሁለቱም የከፋው ግን የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር። የእጅ ጽሑፍ ማማር በዚያ ዘመን እንደ ጉንፋን ነው፤ ቢደብቁት ያስነጥሳል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የተገኙትን ስም ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ፤ የወንዝ ዳር ጥበቃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ኮሚቴው ያለ ምክንያት አልተቋቋመም፤ ሐቁ ይነገር። ወንዙ የእኛ መንደር ጋ ሲደርስ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ከእጥፋቱ በውጭ በኩል ያለነው እኛ ስለሆንን የምንነከሰው እኛ ነን። ዘንድሮ ሽንኩርት የነቀልኩበት ቦታ ከርሞ አየር ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ፣ መሬታቸው ከእኔ በታች፣ ምላሳቸው ከሁላችንም በላይ የሆነ ሴት ናቸው፤ «የእኔ መሬትማ የመሬት ደብተሩ ላይ ሙሉዋን አለች፤ ምን ያደርጋል፣ ወንዙ ማንበብ አይችልም» ይሉ ነበር።

ከማዶ፣ በእጥፋቱ ጉያ ውስጥ፣ የጋሼ እንድሪስ ማሳ ነበር። ወንዙ ከእኛ የነከሰውንና ከደጋ ያወረደውን ደለል የሚያስተኛው እዚያ ነው። ማሽላው ሰው ይውጣል፤ ማሾው ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አባታቸው የተከሏቸው የማንጎ ዛፎች ቆመዋል። ቀናህ ብትሉኝ አልክድም። ግን ሥርዓት ነበረ። ክረምቱ ሲያልፍ ጋሼ እንድሪስ ዱላቸውን ይዘው አዲስ የተኛውን ደለል ይዞሩና፣ በዚያ ዓመት ከእኛ ወገን ወንዝ የወሰደበትን ሰው በስሙ ይጠሩታል። «ያንተ አፈር እዚህ መጥታለች፤ ና ዝራባት» ይሉታል። ይሄዳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። ወንዙ ተገላብጦ እነሱን በነከሰ ዘመን ደግሞ አባቶቻችን ለእነሱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ማሾ አምርቼበታለሁ። ወንዝ ሲወስድ ዳኛ የለውም፤ ሲሰጥ ግን ጋሼ እንድሪስ ነበሩ።

እሳቸው የሁለቱም ዳር የውኃ አባት ናቸው፤ ማለት ውኃ የሚያካፍሉ፣ ተራ የሚያስጠብቁ፣ በቦይ የተጣላውን የሚያስታርቁ፣ ሁለቱ ዳሮች ተስማምተው የመረጧቸው ሽማግሌ። ጥቅምት ሲጠባ ቀን ይቆርጣሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከየዳሩ ይወጣና በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በሣር ጠለፋውን ይሠራል። ወንዙ ተጠልፎ ግራና ቀኝ በየቦዩ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠለፋውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ከወረዳ የመጣ ሰው ሁሉ በዚህ ይስቃል። በየዓመቱ የሚፈርስ ነገር ለምን በየዓመቱ ትሠራላችሁ ሲባሉ ጋሼ እንድሪስ፣ «እንዲፈርስ ነዋ የምንሠራው» ይላሉ። «እሱ ካልፈረሰ የምንፈርሰው እኛ ነን።» ይህ መልስ «ኋላ ቀር አስተሳሰብ» ተብሎ በደካማ ጎን ተመዝግቧል። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በአንዱ ዓመት ጋቢዮን መጣልን። ጋቢዮን ለማታውቁት በሽቦ ቅርጫት የታሰረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ምን አጥፍቶ ታሰረ አትበሉ፤ ያኔ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። አንድ ዝምተኛ ባለሙያ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ዳር ለዳር ሲመላለስ ዋለና አንድ ወረቀት ትቶልን ሄደ። ወረቀቱ አጭር ነው። ጋቢዮኑ ንክሻው በባሰበት ቦታ ብቻ ይሠራ፤ የዳሩን እጥፋት ይከተል፤ ድንጋዩ ከተራራው ይምጣ እንጂ ከወንዙ እንዳይለቀም፤ ዳር ላይ ያሉት አኻያና ሸምበቆ እንዳይነኩ፣ ይልቁንም ይጨመሩ። በመጨረሻም «የማዶው ወገን ይማከር» ትላለች አንዲት መስመር። ወረቀቱን በእጄ የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አስታውሳታለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አብሮ አደጌ ተሰማ፣ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያነብ ጣቱን አሳረፈባት።

«ይቺ ትዝለል» አለኝ።

«ለምን?»

«ማዶ የሌላ ቀበሌ ነው። በሰው ሥልጣን ጣልቃ መግባት ይሆናል።»

ዘለልኳት። ተሰማ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ማረፍ ይወዳል። ተሰማ ትጉህ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል፣ ከሁሉ ኋላ ይተኛል፣ በመካከሉ ሌላውን አያስተኛም። በዚያን ዓመት ደግሞ ቀበሌዎች በደረጃ ይወዳደሩ ነበርና ተሰማ አንደኛ ልንወጣ ቆርጧል።

ሥራው በሚጀመርበት ጠዋት እዚህ ጋ ችካል ተከለ፣ እዚያ ጋ ችካል ተከለ፣ መሀሉን ሲባጎ ወጠረበት። ሲባጎ ሲወጠር ቀጥ ነው። ዳራችን ደግሞ ማጭድ ነው። ሲባጎው ከዳሩ ተነሥቶ በውኃው ላይ አልፎ፣ አኻያዎቹን በመሀል ወገባቸው አቋርጦ፣ ከወዲያ በኩል ተመልሶ ዳር ወጣ።

«ተሰማ፣ ሲባጎው እኮ ወንዝ ገባ» አልኩት።

«እንሞላዋለን።»

«ወረቀቱ እጥፋቱን ተከተሉ ነው የሚለው።»

«መምህር፣ ጉብኝት አለብን» አለኝ በትዕግሥት፣ ክፍል ለሚደግም ተማሪ እንደሚያስረዳ። «ጠማማ ልማት ከመኪና መስኮት አይታይም።»

እትዬ ዘውዴ አካፋቸውን ተደግፈው ይሰሙ ነበር። «አንተ ተሰማ፣ ወንዙን ሰልፍ ልታስተምረው ነው?»

«ሰልፍ ያልገባ ማን ቀርቶ ነው፣ እትዬ?» አለ ተሰማ፤ የእውነቱን ነው። እሳቸውም ዙሪያቸውን አዩ። ሁላችንም በአምስት በአምስት ተሰልፈን ቆመናል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ትጋት ዳግመኛ አላየሁም። ቡድን ከቡድን ተፎካከረ። ተራራው ሩቅ ነው፤ ወንዙ ግን እግራችን ሥር ድንጋይ ተሸክሞ ተኝቷል፤ እናም ለሺህ ዘመን ጎርፉን ሲያደነቃቅፉ የኖሩትን ትልልቅ ድንጋዮች ከአልጋው ለቅመን ለቅመን ቅርጫት ውስጥ ከተትናቸው። አኻያዎቹ ከሲባጎው መስመር ውጪ ስላልቆሙ ተቆረጡ። ሸምበቆው ፎቶ ስለሚጋርድ ታጨደ። ወንዙ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ዛፍ፣ እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባል የለ? እኛም አላሳነስንም። ባለሙያው ካለው አልፈን፣ ጫፉን ወደ ውኃው አስገብተን፣ ትርፉን «ከዕቅድ በላይ የተከናወነ» በሚል ርእስ ሥር አሰፈርነው። ርእሱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ጋሼ እንድሪስ ተሻግረው መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ገለባ ቋጥረዋል። ይህ የውኃ አባቶች አሠራር ነው፦ እጥፋቱ መነሻ ላይ ቆመው ገለባ ይበትናሉ፤ ገለባው ሄዶ የተለጠፈበትን ዳር ወንዙ ከርሞ ይነክሰዋል። ስንት ዓመት ሲበተን አይተናል፤ ሁልጊዜ የሚለጠፈው የእኛ ዳር ላይ ነበር። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየ። ገለባው መጣ፤ ጋቢዮኑን ታክኮ እንደ ሸርተቴ ወረደ፤ ወደ ውኃው የገባው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተፈናጠረና፣ ወንዙን አቋርጦ፣ ጋሼ እንድሪስ ማሳ አፍ ላይ አንድ በአንድ ተለጠፈ።

«አየህ፣ መምህር?» አሉኝ።

«አየሁ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ እንድሪስ» አለ ተሰማ፣ «እርስዎን እናከብራለን፤ ግን ገለባ ሳይንስ አይደለም።»

«አይደለም፤ የከብት ቀለብ ነው» አሉ። «እኔ ዳራችሁን አትጠብቁ አላልኩም። ሐቃችሁ ነው። ይቺን ወደ ውኃው የገባችውን ጫፍ ብቻ አሳጥሩልኝ። ወንዝ ሲመሽበት የሚተኛበት ይፈልጋል፤ እናንተ ደጃችሁን ከዘጋችሁበት የእኔ ጓዳ ነው የሚገባው። ከማሳዬ ሌላ ምንም የለኝ፣ አንተም ታውቃለህ።»

«እሱማ አሁን አይሆንም። ሪፖርቱ ወጥቷል።»

ጋሼ እንድሪስ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሪፖርቱን አሳጥሩልኝ» አሉ።

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኔ ምን አልኩ? እኔ ጸሐፊ ነኝ። በዚያን ዕለት ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የማዶው ወገን ተወካይ ሥራውን በአካል ተገኝተው ጎብኝተዋል፤ አስተያየትም ሰጥተዋል።» ተሰማ አነበበና «አስተያየት» የምትለውን ሰርዞ «አድናቆት» አደረጋት። እኔ በደንብ አድርጌ ገለበጥኳት።

ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድንጋዩ ሲንኳኳ ሰማን። ሰው ሁሉ ዳር ወጣ። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ጋቢዮናችን ላይ መጣና በደረቱ ገጨው። ጋቢዮኑ አልነቃነቀም። ውኃው እንደ ተናደደ በሬ አንገቱን አዞረ፤ የሚያደነቃቅፈው ድንጋይ የለ፣ የሚይዘው ሥር የለ፤ እየፈጠነ ሄዶ ጋሼ እንድሪስ ማሳ አፍ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ማሽላው ብቻ ወዝወዝ አለ። ቀጥሎ ማሽላው እንደ ቆመ፣ ከነአፈሩ፣ ሲሄድ ታየ። አንድ የማንጎ ዛፍ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ ጎንበስ እንዳለ ሄደ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው።

ከእኛ ወገን እፍኝ አፈር አልጎደለም። አጨበጨብን።

ልድገመው፤ አጨበጨብን። የሰው ልጅ የሚበላበት መሬት በዓይናችን ፊት እየሄደ፣ የእኛ ስለቆመ ብቻ፣ ያውም «አፈራችሁ ናት» ብሎ ስንት ዓመት ካበላን ሰው ማሳ ላይ፣ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እንዲያውም ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ጋሼ እንድሪስ ከማዶ ቆመው ነበር። ጎርፉ ይጮኻል፣ ጭብጨባው አይሰማቸውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እጃችን ግን ይታይ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወንዙ አዲስ አልጋውን ከማሳቸው መሀል ለመሀል ዘርግቶ ተገኘ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ቀጭን ቁራጭ ነው፤ ሦስት የማንጎ ዛፍ ያለበት፣ በአሮጌው አልጋና በአዲሱ ወንዝ መካከል የቀረ። ቤታቸው ማዶ፣ ቁራጯ መሬት ግን አሁን በእኛ ወገን ሆነች፤ ለመድረስ ወንዝ መሻገር አለባቸው። በሥርዓቱ አፈራቸው የተኛበት ዳር «ኑ ዝሩባት» ብሎ ሊጠራቸው ይገባ ነበር። የሚጠራቸው ግን አልተገኘም፤ አፈራቸው የትም አልተኛም። በሲባጎ የተሰመረ ወንዝ ደለል አያስተኛም፤ ይዞት አዋሽ ይገባል።

ካሳ ብለው ቢጠይቁ የማዶው ቀበሌ «ወሰናችን ወንዙ ነው፤ መሬትዎ ተሻግሯል» አላቸው። የእኛው ቀበሌ «እርስዎ ማዶ ነዋሪ ነዎት» አላቸው። በሁለቱ መሀል ሲመላለሱ አንድ ቀን የጋቢዮኑ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ይቅረብ ተባለ። ተሰማ በወንዙ ከዚህ ወገን መሬት ያለው ሁሉ ተጠቃሚ ነው ብሎ አቅጣጫ አስቀመጠ። ለካሳ የሚቀበላቸው ያጡት ሰው ለዝርዝሩ ወዲያው ባለቤት አገኙ። «እንድሪስ፣ ተጠቃሚ» ብዬ የጻፍኩት በዚህች እጄ ነው።

አሁን «እናንተስ ተጠቀማችሁ?» ትሉኛላችሁ። እንዴታ። ወንዙ ከጋቢዮናችን ፊት ተነሥቶ ስለሄደ ጋቢዮኑ ያለ ሐሳብ አሸዋ ይጠብቃል። በአኻያው ላይ ጎጆ ይሰቅሉ የነበሩት ወፎች መጥተው ትንሽ ዞሩና ወደማናውቀው ሄዱ። ንቦች ከየቀፎው ወጡ። እንቁራሪት ያልጮኸበት መስከረም ያን ዓመት አየን። ከብቶች የሚወርዱበት የዳር ቁልቁለት አሁን ግንብ ነው፤ ላም ከላይ ቆማ ወደታች ታያለች። የአልጋው ድንጋይ ከተለቀመ ወዲህ ወንዙ ወደታች ስለቆፈረ የጉድጓዶቻችን ውኃ ገመድ ማስቀጠል ጀመረ። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ ጠለፋ የሚሠራበት ቀን የቆረጠ ሰው አልነበረም፤ የቦያችን አፍ ደረቅ አሸዋ ላይ ተከፍቶ ቀርቷል።

ጉብኝቱ በዚያው ሰሞን ሆነ። ጋቢዮኑ ከመኪና መስኮት ቀጥ ብሎ ታየ። ከእንግዶቹ አንዱ ወርደው፣ «ወንዙ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«በቁጥጥር ሥር ውሏል» አለ ተሰማ።

ኅዳር ላይ ሽንኩርታችን ጫፉ ቢጫ ሆነ። የቀረን መንገድ አንድ ነው፦ ከአዲሱ ወንዝ ላይ ቦይ ቀድዶ፣ በጋሼ እንድሪስ ቁራጭ መሬት፣ በማንጎዎቹ መሀል አሳልፎ፣ አሮጌውን አልጋ አቋርጦ ከቦያችን ማገናኘት። ተሰማ፣ እትዬ ዘውዴና እኔ ሄድን። ጋሼ እንድሪስ ተሻግረው መጥተው ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል።

«ቢስሚላህ፣ ኑ ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ተሰማ ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናገረ። እኔ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ተናገርኩ።

«እንድሪስ» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ «ውኃ ልንለምን ነው የመጣነው። እነዚህ ሁለቱ አፍረው ነው።»

«አልሃምዱሊላህ። እፍረት አልጠፋም ማለት ነው» አሉ፤ ፈገግም አላሉ። በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ቦይ እዚህ ከተቀደደ በመጪው ክረምት ወንዙ በእሱው ገብቶ ይችንም ይዟት ይሄዳል። ታውቃላችሁ?»

ተሰማ ወደ እኔ አየ። «እናውቃለን፣ ጋሼ» አልኩ።

«ካልተቀደደስ?»

«የእኔ ሽንኩርት ለገና አይደርስም» አሉ እትዬ ዘውዴ። «የሱም፣ የሱም። ከታች ያሉትም አባወራዎች።»

ጋሼ እንድሪስ ዛፉን ወደ ላይ አዩት፤ ገና አበባ እያወጣ ነበር። «ሰው የውኃ አባት ብሎኝ ውኃ ከከለከልኩ ምን ልባል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቆፍሩ። ግን አንድ ነገር፤ ስሜ ሪፖርታችሁ ውስጥ እንዳይገባ። ሰሞኑን ተጠቃሚ ብላችሁ ጽፋችሁኛል አሉ፤ ገበያ ስወጣ ሰው እያየ ይስቅብኛል። ወላሂ፣ መምህር፣ ከሄደው ማሳ ይልቅ ያቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።»

«አይገባም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ቆፈርን። ሥሩን እየቆረጥን በማንጎዎቹ መሀል አለፍን። ጋቢዮኑ ጋ ስንደርስ መንገድ አጣን፤ ተሰማ ራሱ፣ ከመኪና መንገድ የማይታይበትን ቦታ መርጦ፣ ሽቦውን በፒንሳ በጠሰና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣ። ሲጨርስ እጁ ይደማ ነበር። ውኃው መጣ። ሽንኩርታችን ጠጣ።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ሪፖርት ሲጻፍ ቃሌን ጠበቅኩ፤ የጋሼ እንድሪስን ስም በውኃው ጉዳይ አላነሣሁም። ሪፖርት ግን ባዶ ቦታ አይወድም፤ ውኃው ከየት መጣ ቢባል የሆነ መልስ ያስፈልጋል። «በተሠራው ጋቢዮን አማካይነት የአርሶ አደሩ ማሳ ውኃ አግኝቷል» ተባለ። ሌላ ምን ይባላል? የሰጠው ሰው እንዳይጠራ ለምኖናል።

በዚያው ክረምት ወንዙ በቀደድነው ቦይ ገባና ቁራጯን መሬት ከነሦስት ዛፎቿ ወሰዳት። በዚህኛው ጊዜ አላጨበጨብንም። ጋሼ እንድሪስም ሊያዩ አልወጡም ነበር።

አዲሱን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሳዘጋጅ እንግዲህ ስማቸውን ለማውጣት አልተቸገርኩም፤ መሬት የሌለው ሰው ከምንም አይጠቀምም። ተሰማ ዝርዝሩን በጣቱ ወረደበትና መጨረሻ ላይ ቆመ።

«አንድ ሰው ጎድሏል» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ቁጥሩ እንዳይወርድ ሌላ ስም ተካበት» አለኝና ወጣ።

እስከዚያ ቀን ደመወዝተኛ ነኝ ብዬ ራሴን አልመዘገብኩም ነበር። እስክሪብቶዬን አነሣሁና በጋሼ እንድሪስ ቦታ የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ «ተጠቃሚ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት። በዚያ መዝገብ ላይ በእጄ ካሰፈርኩት ሁሉ ሐሰት የሌለበት መስመር እሱ ብቻ ነው።